እውነተኛውን ትንቢት ከሐሰተኛው ስለ መለየት

በዘመናችን «እግዚአብሔር እንዲህ ይልሃል» እያሉ የሰውን ስም፥ ደዌውንና የነገ ዕድሉን የሚናገሩ ሰዎች በዝተዋል። ቃላቸውን ሰምቶ ትዳሩን የፈታ፥ ቤቱን የሸጠ፥ መድኃኒቱንም የጣለ አለ። ነገሩ ነፍስንም ሥጋንም የሚነካ ነውና ቅዱሳት መጻሕፍት ያስተማሩንን በአጭሩ ልንመለከት ወደድን።

ሀብተ ትንቢት ከቤተ ክርስቲያን ጠፍቷል አንልም። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ተሰ 5፥20-21 ትንቢትን መናቅንም ሳይመረምሩ መቀበልንም በአንድነት ከልክሏል። ስለዚህ ሁሉን የሚንቅና ሁሉን የሚያምን ሁለቱም ከሐዋርያው ትእዛዝ ወጥተዋል።

ብዙ ሰው «የተናገረው ደረሰ ወይስ አልደረሰም?» ብሎ ይጠይቃል። ይህም በዘዳ 18፥22 የተሰጠ መመዘኛ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ሙሴ በዘዳግም 13ኛው ምዕራፍ ምልክቱ ቢደርስለት እንኳ ወደ ሌላ አምልኮ የሚጠራውን ነቢይ እንዳንሰማው አዝዟልና። ዮናስ በነነዌ ላይ የተናገረው ጥፋት ደግሞ ሕዝቡ ንስሓ ስለ ገቡ ቀርቷል፤ ዮናስ ግን ስለዚህ ሐሰተኛ አልተባለም። እንግዲህ አስቀድሞ የሚጠየቀው ቃሉ ሰሚውን ወዴት እንደሚወስደው ነው፤ ወደ ንስሓና ወደ እግዚአብሔር ነውን፥ ወይስ ወደ ተናጋሪው?

ሁለተኛው ምልክት መመርመርን መቀበል ነው። በ1ኛ ቆሮ 14፥29 ሁለት ወይም ሦስት ነቢያት እንዲናገሩ፥ ሌሎቹም እንዲመዝኑ ሥርዓት ተሠርቷል። በ2ኛው መቶ ዓመት በፍርግያ የሞንታኖስ ወገን በተነሣ ጊዜ ኤጲስ ቆጶሳት መክሲሚላ የምትባለውን ነቢይት ሊመረምሩ ቢሄዱ ወገኖቿ ከለከሏቸው። እርስዋም ጦርነትና ሁከት ይመጣል ብላ ነበር፤ ከሞተች በኋላ ግን ከ13 ዓመት በላይ አልፎ ጦርነት እንዳልተነሣ በዘመኑ የነበረ ጸሐፊ መስክሯል። ይህን አውሳብዮስ ዘቂሳርያ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ 5ኛ መጽሐፍ አቆይቶልናል።

ሦስተኛው ከጥቅም መራቅ ነው። «የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ትምህርት» የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ በ11ኛው ምዕራፉ በመንፈስ እናገራለሁ እያለ ለራሱ ገንዘብ የሚጠይቀውን እንዳንሰማ ያስተምራል፤ ለሌሎች ችግረኞች ቢለምን ግን አይፈረድበትም። ኤልሳዕም ንዕማን ሲፈወስ እጅ መንሻውን አልተቀበለም፤ ተከትሎ የተቀበለው ግያዝ ለምጽን ወረሰ (2ኛ ነገ 5)።

በተለይ ስለ ሕሙማን ይህን ልናስታውስ ይገባናል። ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ 15 ዓመት እንደ ተጨመረለት ከነገረው በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (ኢሳ 38)። የፈውስን ቃል ከእግዚአብሔር የተቀበለው ነቢይ መድኃኒትን አልነቀፈም። እንግዲህ ሕመምተኛውን «ፈውስህ ተነግሯልና መድኃኒትህን ጣል» የሚል ሰው ይህን ከየትኛው ነቢይ ተማረው?

እንዲህ ያለ ቃል የደረሰው ምእመን አይቸኩል። ሕዝቡ ኤርምያስን በጠየቁት ጊዜ የእግዚአብሔር ቃል ወደ እርሱ የመጣው ከ10 ቀን በኋላ ነው (ኤር 42፥7)፤ ነቢዩ እስኪነገረው ድረስ ከጠበቀ፥ ሰሚውማ እንዴት አይጠብቅ! ቃሉን ለንስሓ አባቱ ይንገር፤ በመጻሕፍት ይመዝነው፤ እስከዚያው ትዳሩን አይፍታ፥ ንብረቱን አይሽጥ፥ ሕክምናውን አያቋርጥ።

እኛ ካህናትም ራሳችንን እንመርምር። ብዙዎች ወደ ሐሰተኞች የሚሮጡት ጭንቀታቸውን የሚሰማ አጥተው ነው። የንስሓ ልጁን ቤት ያልጎበኘ፥ በታመመ ጊዜ ያልጠየቀ አባት፥ ልጁ ወደ ሌላ ደጅ ቢሄድ በተግሣጽ ብቻ ሊመልሰው አይችልም። አስቀድመን እንስማቸው፤ ያን ጊዜ ስንመክራቸው ይሰሙናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።