ለዳንግላው ወንድሜ ልጅ፣ ስለ በቆሎ ዘር

ልጄ፣ ፍራንክፈርት ቬስትኤንድ ተቀምጬ ስለ ዳንግላ ማሳ መምከሬ ያስቅህ ይሆናል። ይህ ከተማ ግን ለጉዳዩ ባዕድ አይደለም። የሰብል በሽታን ጥናት ካቋቋሙት ሊቃውንት አንዱ አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1831 የተወለደው እዚሁ ነው። ዋግና አረማሞ ከታመመ ተክል የሚፈልቁ ሳይሆኑ ራሳቸው በሽታ አምጪ ፈንገሶች መሆናቸውን በ1853 ጻፈ። እኔም የምጀምረው ከዚያው ነው።

1. በሽታውን ከሰማይ አትጠብቀው፤ ከረጢትህ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ይከርማል፤ ፍሬው ግን ለዓይን ጤነኛ ይመስላል። ስትዘራው ወይ አፈር ውስጥ ያበሰብሰዋል፣ ወይ ከቡቃያው ጋር በግንዱ ሽቅብ ይወጣል። ግንደ ቆርቁር የቦረቦረው እሸት ደግሞ በሩን ከፍቶ ይቀበለዋል፤ ስለዚህ ትሉን ችላ አትበል።

2. የራስህን ዘር የምትመርጥ ከሆነ ከጎተራ ሳይሆን ከማሳ ምረጥ። ይህ ለአገር ዝርያ ነው፤ ቢኤች 660ን የመሰለውን ዲቃላ ግን በየዓመቱ ግዛው፣ ከልጁ እንደ እናቱ አትጠብቅ። ሽፋኑን ገልጠህ እይ። እዚህም እዚያም ነጭ ወይም ሮዝ ሻጋታ ካየህ ፉዛሪየም ነው። ከግርጌው ተነሥቶ ሽቅብ የሚያለብሰው ነጭ ሻጋታ ዲፕሎዲያ፣ ቢጫ አረንጓዴው ዱቄት አስፐርጊለስ ነው። ሦስቱንም ለዘር አታስቀር።

3. ሸራ ላይ አስጣ እንጂ መሬት ላይ አታስጣ። መድረቁን በጥርስህ ሰብረህ ብቻ አትፍረድ። ደረቅ ጠርሙስ ወስደህ ሩቡን በቆሎ ሙላ፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምርና ከድነህ በደንብ ናጠው፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ተወው። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ መልሰህ አስጣው። ባይለጠፍም ፀሐይ ጨምርበት፤ ለሚከርም ዘር 13 በመቶ ይሻላል።

4. በመድኃኒት የታሸ ዘር አይበላም፤ ታጥቦም አይበላም። እዚህ ሰፈር፣ ዛሬ የጎተ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚመላለሱበት ግዙፍ ሕንፃ የኬሚካል ኩባንያው የኢ.ጌ. ፋርበን ዋና መሥሪያ ቤት ነበር። ያ ድርጅት ሴሬሳን የሚባል፣ ሜርኩሪ ያለበት የዘር መድኃኒት ይሸጥ ነበር። በመላው ዓለም ገበሬ ለአሥርት ዓመታት ዘሩን በሜርኩሪ አሸ። እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ ደግሞ ኢራቅ ከውጭ የገዛችው፣ በሜቲል ሜርኩሪ የታሸ የስንዴ ዘር በብዙ ቦታ የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ደረሰ። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ገበሬዎቹ በማያነቡት ቋንቋ ነበር። ሰዎች ቀለሙን አጥበው መርዙም አብሮ የሄደ መሰላቸው፤ ዳቦ ጋገሩበት። በመንግሥት ቆጠራ 6,530 ሰው ሆስፒታል ገባ፣ 459 ሞተ። የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ሜርኩሪ የላቸውም፤ መርዝነታቸው ግን አልቀረም። ዘሩን በባዶ እጅህ አትሽ፣ የተረፈውን ለዶሮ አትበትን፣ ከረጢቱንም የጤፍ መያዣ አታድርገው።

5. የሻገተ በቆሎ «ለከብት ይሁን» አይባልም። የአስፐርጊለስ መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ በላሟ አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል፤ ማፍላትም መቁላትም አያጠፋውም። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዲህ ያለ በቆሎ የበሉ 125 ሰዎች ሞተዋል። የፉዛሪየሙ ፉሞኒሲን ደግሞ የፈረስን አንጎል ያበላሻል። ፈረስ በሚከበርበት በአዊ አገር ይህን ሁለት ጊዜ መናገር አያስፈልገኝም።

6. በቆሎን በበቆሎ ላይ አትዝራ፤ ባቄላ ወይም ኑግ ጣልቃ ይግባ።

7. ዝናቡ ሳይገባ 100 ፍሬ ቆጥረህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልል፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ጠብቅና በሰባተኛው ቀን ፍታው። 85ና ከዚያ በላይ ጤነኛ ቡቃያ ካገኘህ ዝራው፤ ከ70 በታች ከወረደ ግን ሌላ ዘር ፈልግ። የዘንድሮውን ቁጥር ጻፍልኝ።