ሰዎች በሐሳብ የሚለያዩት ለምንድን ነው?

በሸዋ ሮቢት አካባቢ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች አንድ ነገር ልብ ብለናል። ማታ ከትምህርት በኋላ ስለ መሬትና ስለ መንግሥት ወሬ ሲነሣ ክርክሩ ይከራል። በመጨረሻም አንዱ ሌላውን፣ «ልቡ ክፉ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚያስበው» ይለዋል። እውነት እንዲህ ነውን? እስቲ አብረን እንመርምረው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መሬት መያዝ ተከለከለ። ስለዚህ አዋጅ ሁለት ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ሰማን።

አንደኛው ጭሰኛ ነበሩ። «ያረስኩ እኔ፣ ያረምኩ እኔ። እህሉን ግን ሌላው ካውድማ ላይ ይጭነዋል። አዋጁ ፍርድ ነው» አሉ።

ሁለተኛው የባለርስት ልጅ ናቸው። «አባቴ ሲሞት መሬቱን አደራ ብሎኛል። ያባት አደራ ተበልቶ እንዴት ይኖራል? አዋጁ ግፍ ነው» አሉ።

አንደኛው የላብን ዋጋ አስቀደሙ። ሁለተኛው የአባትን አደራ አስቀደሙ። ላብ ይከበር ማለት ክፋት አይደለም። አደራ ይጠበቅ ማለትም ክፋት አይደለም። ልዩነቱ የትኛው ይቅደም የሚለው ነው።

ደግሞም ሰው የሚያየው ከቆመበት ነው። ከጣርማ በር አፋፍ ቁልቁል ለሚያይ አገሩ ሜዳ ነው። ከሮቢት ሽቅብ ለሚያይ አገሩ ተራራ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። የሰውን ጠባይ ያጠኑ ሊቃውንትም አንድ ነገር ይነግሩናል። ብዙ ጊዜ ልባችን ቀድሞ ይፈርዳል፤ አእምሯችን እንደ ጠበቃ ኋላ ምክንያት ይፈልግለታል።

ታዲያ ሐሳብ ሁሉ እኩል ትክክል ነው ማለት ነው? አይደለም። እኛ ጭሰኝነት መቅረቱ ትክክል ነበር እንላለን። ነገር ግን ይህን ያልተቀበለ ሁሉ ክፉ ነው አንልም።

ይህን የዘነጋ የተማረም ይሳሳታል። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ። ከአብዮቱ በኋላ ግን ብዙዎቹ በመኢሶንና በኢሕአፓ ተከፈሉ። ሁለቱም ለጭቁኑ ቆመናል ይሉ ነበር። መኢሶን፣ «ደርግን እየደገፍንም እየነቀፍንም ለውጡን እናድን» አለ። ኢሕአፓ፣ «ወታደር አይግዛን፤ ሥልጣን አሁኑኑ ለሕዝብ» አለ። አንዱ ሌላውን «የሕዝብ ጠላት» ብሎ ጠራው። ሰው አንዴ ጠላት ከተባለ ቃሉን የሚሰማው የለም። እርስ በርስ ተገዳደሉ። ደርግም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። መኢሶንም ራሱ ከመመታት አልዳነም። የሁለቱም ወገን እናቶች አለቀሱ።

እናንተ ግን መድኃኒቱን ታውቁታላችሁ። የይፋት ሽማግሌ በዛፍ ሥር ለዕርቅ ሲቀመጥ አንዱን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። በሐሳብ ክርክርም እንዲሁ እናድርግ። «ይህ ሰው የሚጠብቀው ደግ ነገር ምንድን ነው? ከየት ቆሞ ነው የሚያየው? የኔስ ልብ ቀድሞ ፈርዶ ይሆን?» ብለን እንጠይቅ። ከዚያ በኋላ እንከራከር።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ሁለቱ ሽማግሌዎች ምን ምን አስቀደሙ?
2. ሰውን «ጠላት» ማለት ምን ያስከትላል?
3. በሐሳብ የማትስማሙትን አንድ ጎረቤት አስቡ። እሱ የሚጠብቀው ደግ ነገር ምንድን ነው?