የድባቴ መድኃኒት በሳምንት ውስጥ ለምን አይሰራም? የነርቭ ሴሎቻችንስ እንዴት ይነጋገራሉ?



ለድባቴ ወይም ለጭንቀት መድኃኒት ያዘዝኩላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚሉኝ ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ ሳምንት ሙሉ ወሰድኩት፣ ምንም ለውጥ የለውም። እንደውም ያቅለሸልሸኛል። ስለዚህ ተውኩት።» የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ የሚያቆሙት መድኃኒቱ መስራት ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ነው። ለምን ጊዜ እንደሚፈጅ ለመረዳት መጀመሪያ የነርቭ ሴሎች እንዴት እንደሚነጋገሩ ማየት አለብን። ቀለል አድርጌ ላስረዳችሁ።

🧠 የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ አይነካኩም

አንጎላችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። በአንድ ሴል ውስጥ መልእክት የሚጓዘው በኤሌክትሪክ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲናፕስ የምንለው ክፍተት ያጋጥመዋል። ክፍተቱ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ከሺህ ጊዜ በላይ ይጠባል፤ ቢሆንም ኤሌክትሪኩ ዘሎ አያልፈውም።

ስለዚህ መልእክቱ ወደ ኬሚካል ይቀየራል። በሴሉ ጫፍ በትንንሽ ከረጢቶች ታሽጎ የተቀመጠ ኬሚካል ወደ ክፍተቱ ይለቀቃል፣ ይሻገራል፣ ከዚያም በወዲያኛው ሴል ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ይገጥማል። እነዚህን መልእክተኞች ኒውሮትራንስሚተር እንላቸዋለን። ሴሮቶኒን፣ ዶፓሚንና ኖርኢፒነፍሪን ከታወቁት ውስጥ ናቸው።

ነርቭ በኬሚካል እንደሚናገር እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳየው ኦቶ ሎዊ ነው። የአንዱን እንቁራሪት የልብ ነርቭ ቀስቅሶ ምቱን አዘገየው። ከዚያ በዙሪያው የነበረውን ፈሳሽ ወስዶ ለሌላ እንቁራሪት ልብ ሰጠው፤ ያም ልብ ዘገየ! ማንም ነርቩን ሳይነካው። በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ።

🧠 መልእክተኛው ሥራውን ሲጨርስ የት ይሄዳል?

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። እናት ልጇን «ሂድ፣ ለጎረቤት ቡና ደርሷል በላቸው» ብላ ስትልከው ልጁ ይሄዳል፣ በር ያንኳኳል፣ መልእክቱን ይናገራል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገም እሱኑ ትልከዋለች። ሴሮቶኒንም እንደዚሁ ነው። መልእክቱን ካደረሰ በኋላ የላከው ሴል ራሱ በልዩ በር መልሶ ያስገባውና ለሚቀጥለው ጊዜ ያስቀምጠዋል። ይህ ሪአፕቴክ ይባላል፤ መልሶ መውሰድ ማለት ነው።

ሁሉም ኬሚካል ግን አይመለስም። ለምሳሌ አሴቲልኮሊን እዚያው ክፍተቱ ውስጥ በኢንዛይም ይሰባበራል። እንደ ማላታይን ያሉ ፀረ ተባዮች የሚመርዙት ይህን ኢንዛይም በማገድ ነው፤ መልእክቱ አልቆም ሲል ምራቅ ይዝረበረባል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል። መልእክትን ማስቆምም መላክን ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው።

ጫት ደግሞ ሌላ ምሳሌ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን ዶፓሚን በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል፣ ተመልሶ እንዳይገባም ያግዳል። ምርቃናው ከዚህ ይመጣል። ሲያልፍ የሚከተለው ድብርትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

💊 መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?

እንደ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ያሉት መድኃኒቶች የሴሮቶኒንን መመለሻ በር ያግዳሉ። ልጁ ወደ ቤት መግቢያ ሲያጣ ውጭ ቆይቶ ደጋግሞ ያንኳኳል፤ መልእክቱም ይጠነክራል። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ከሴሮቶኒን በተጨማሪ የኖርኢፒነፍሪንንም በር ያግዳል።

በሩ የሚታገደው በሰዓታት ውስጥ ነው። ታዲያ ስሜታችን ለምን ሳምንታት ይፈጅበታል? ላኪው ሴል «ሴሮቶኒን በዛ» የሚል የራሱ መቆጣጠሪያ አለው፤ መጀመሪያ ላይ ይህ መቆጣጠሪያ ልቀቱን ይቀንሰዋል። በሳምንታት ውስጥ ግን ይላመድና ልቀቱ ይስተካከላል። የሴሎቹ ትስስርም ቀስ በቀስ ይለወጣል። ለመዘግየቱ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ድባቴ «ሴሮቶኒን ስላነሰ ብቻ» የሚመጣ በሽታ አይደለም። የዘር፣ የኑሮ ጫና፣ ያለፈ ጉዳት፣ የአካል ሕመም ሁሉ ድርሻ አላቸው። ለዚህ ነው የምክር ሕክምናም የሚረዳው።

✅ እየወሰዳችሁ ከሆነ

👉 ታገሱ። ለውጡ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይጀምራል፤ ሙሉ ውጤቱን ለማየት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ማቅለሽለሹና ራስ ምታቱ ግን ቀድመው ይመጣሉ፤ በአብዛኛው በ1 ወይም 2 ሳምንት ይቀንሳሉ።

👉 ሲሻላችሁ አታቁሙ። ከተሻላችሁ በኋላም ቢያንስ ለ6 ወር መቀጠል ይመከራል።

👉 በድንገት አታቋርጡ። ማዞር፣ መነጫነጭ፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነዘረ ዓይነት ስሜት ሊመጣ ይችላል። ይህ ሱስ አይደለም፤ እንደ ጫት ሐራራ የለውም። ሰውነታችሁ ስለለመደው ነው፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላችኋል።

👉 ለሕመም ትራማዶል ከመውሰዳችሁ በፊት ተናገሩ። እሱም ሴሮቶኒን እንዳይመለስ ስለሚያግድ አብረው ሲወሰዱ ሊበዛ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ ከባድ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መደናገር ከታየ በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

👉 ከዚህ በፊት እንቅልፍ ሳያስፈልጋችሁ ለቀናት ከመጠን በላይ የመነቃቃትና የመፍነክነክ ጊዜ ካጋጠማችሁ ሳትጀምሩ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

👉 ጾም ላይ ከሆናችሁ መድኃኒቱን አትተዉ። ብዙዎቹ በቀን አንዴ የሚወሰዱ ስለሆኑ ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል።

⚠️ ለቤተሰብ፦ በተለይ ከ25 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርብ ተከታተሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ፣ ያልተለመደ መረበሽ ካያችሁ ብቻቸውን አትተዋቸው፤ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ውሰዷቸው። «ይለፍለታል» ብላችሁ አታሳድሩ።

መድኃኒት ጀምሮ «አልሰራልኝም» የሚል ወዳጅ ካላችሁ ይህን አካፍሉት። ምናልባት የቀረው ሁለት ሳምንት ትዕግሥት ብቻ ሊሆን ይችላል።