ክፍት መደርደሪያ በወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ስለ መትከል

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ በልክ ተሠርቶ እየተገጣጠመ ከሚቆም የወጥ ቤት ቁም ሣጥን አጠገብ በር የሌለው ክፍት መደርደሪያ እንዴት እንደሚተከል ማስረዳት ነው። ነገሩ የአናጢ ሥራ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን በክፍል ውስጥ ስለ ኃይልና ስለ መፈንቅል የተማርነው ሁሉ በአንድ ጣውላ ላይ ተሰብስቦ ይገኝበታል። እኔም ይህን ለመጻፍ የተነሣሣሁት ባለፈው ክረምት፥ አናጢ ከሆኑት ከአጎቴ ጋር በአክስቴ ቤት ስሠራ ስለ ቆየሁ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቁም ሣጥኑ ጥቂት ልበል። ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. ለፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ ቤቶች ያዘጋጀችው ወጥ ቤት፥ ዛሬ ለምናየው ተገጣጣሚ ወጥ ቤት ሁሉ እንደ እናት ይቈጠራል። ክፍሉ 1.90 ሜትር በ3.40 ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ሆኖም በ10,000 ቤቶች ገደማ ገብቷል። አርክቴክቷ አብዛኛውን ዕቃ በበርና በመሳቢያ ውስጥ ስትዘጋበት፥ የታጠበ ሳሕን ውሃው የሚንጠፈጠፍበትን ከመታጠቢያው በላይ ያለውን መደርደሪያ ግን ክፍት አደረገችው። እኔ ከዚህ የተረዳሁት፥ ክፍት መደርደሪያ የሚገባው በየቀኑ ለሚነሣና በየቀኑ ለሚታጠብ ዕቃ መሆኑን ነው። ለበዓል ብቻ የሚወጣ ብርጭቆ በክፍት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ አቧራና የወጥ ቅባት ይለብሳል። በርበሬና ሽሮም ብርሃንና እንፋሎት ስለሚጎዳቸው ቦታቸው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ፥ በተዘጋ ቁም ሣጥን ነው።

አክስቴ የሚኖሩት አዲስ አበባ ውስጥ በጋራ መኖሪያ ቤት፥ በተለምዶ ኮንዶሚኒየም በምንለው ነው። ከታች 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ቁም ሣጥኖች ተደርድረው፥ በላያቸው ያለው ግድግዳ ባዶ ነበር። እሳቸውም ለአጎቴ፥ «ጋሼ፥ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ጣውላ አድርግልኝ፤ ድጋፉ ግን በሁለቱ ጫፍ ብቻ ይሁን፤ መካከሉ ብረት ሲበዛበት ያስጠላል» አሉ። አጎቴ ግን፥ «አንቺ፥ ጣውላው የሚንጠለጠለው በግድግዳሽ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ግድግዳሽን ልጠይቀው» ብለው ሳቁ። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «አንተስ ተማሪ አይደለህም? አስላው» አሉኝ።

ከጣውላው መጕበጥ እንጀምር። በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ክብደት እኩል ሆኖ፥ በሁለት ድጋፎች መካከል ያለው ርቀት ሁለት እጥፍ ሲሆን ጣውላው 16 እጥፍ ይጐብጣል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን 81 እጥፍ ይጐብጣል። ይኸውም ጕብጠቱ ከርቀቱ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ ነው። በአንጻሩ የጣውላው ውፍረት ሁለት እጥፍ ቢሆን ጕብጠቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። እንግዲህ 180 ሳንቲ ሜትር ጣውላ በሁለት ጫፉ ብቻ ሲያዝና ድጋፍ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ሲደረግለት ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። በተለይም ቺፕውድ ክብደት በላዩ እንደ ተቀመጠ ከወር ወር እየጐበጠ ይሄዳልና፥ ለ18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ከ60 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ርቀት ባይሰጠው ይሻላል።

ሁለተኛው ስሌት ግድግዳውን የሚመለከት ነው፤ በእኔ አስተያየት ዋናው ነገር ይህ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፥ በሁለት ድጋፍ የተያዘ መደርደሪያ እናስብ። 12 ሳሕን እያንዳንዱ 600 ግራም ቢሆን 7.2 ኪሎ፥ 12 ብርጭቆ እያንዳንዱ 250 ግራም ቢሆን 3 ኪሎ፥ ጣውላው ራሱ 1.8 ኪሎ፤ በድምሩ 12 ኪሎ ይሆናል። ይህ ክብደት በአማካይ ከግድግዳው 12.5 ሳንቲ ሜትር ርቆ ስለሚገኝ ወደ ታች ብቻ አይጫንም፤ የላይኛውን ብሎን ከግድግዳው ወደ ውጭ ይስባል። የድጋፉ የታችኛው ጫፍ እንደ መፈንቅል መደገፊያ ሆኖ ግድግዳውን ይገፋል። 12 በ12.5 ሲባዛ 150 ነው። የድጋፉ ቁመት 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 150 ለ15 ሲካፈል 10 ኪሎ ስበት፥ ማለትም ለእያንዳንዱ ድጋፍ 5 ኪሎ ይደርሰዋል። ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ 15 ኪሎ ይደርሰዋል።

አሁን ደግሞ አንድ ልጅ ብርጭቆ ለማውረድ ሲንጠራራ የጣውላውን ጠርዝ ይዞ 20 ኪሎ ያህል ቢጫንበትስ? 20 በ25 ሲባዛ 500 ነው፤ ከፊተኛው ጋር 650። በረጅሙ ድጋፍ እያንዳንዱ ብሎን ወደ 22 ኪሎ ሲሳብ፥ በአጭሩ 65 ኪሎ ይሳባል። የአክስቴ ሁለት ትንንሽ ልጆች ውሃ የሚቀዱት ከዚያው መደርደሪያ ሥር ነውና፥ ይህን ቍጥር ባየሁ ጊዜ ስሌቱ የደብተር ሥራ ብቻ ሆኖ አልታየኝም።

ይህን ስበት የሚችለው ምንድን ነው? የነዚህ ሕንፃዎች ዓምድና ወጋግራ የብረት ኮንክሪት ሲሆን፥ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ግን ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሞላ ነው። ብሎኬቱ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው፤ ፊቱ ግን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ቅርፊት ነው። በዚሁ ሕንፃ በሌላ ፎቅ አንድ መደርደሪያ ከነሳሕኑ ወርዶ ስለ ነበር፥ አጎቴ ወስደው ቀዳዳውን አሳዩኝ። ፊሸሩ አጭር ሆኖ የያዘው ልስኑን ብቻ ነበር፤ ሲወድቅም የልስኑን ቍራሽ ይዞ ወርዷል።

መቼም ፊሸር የምንለው ያ ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ ቍራጭ ስሙን ያገኘው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. የናይሎኑን ዐይነት ከፈለሰፈው ከጀርመናዊው ከአርቱር ፊሸር ነው። ተራው ፊሸር ብሎኑ ሲገባበት እየሰፋ የቀዳዳውን ዙሪያ ስለሚጨብጥ፥ ዙሪያው ድፍን ሊሆን ይገባዋል። በክፍት ብሎኬት ውስጥ ግን የሚጨብጠው የለውም፤ ስለዚህ ከቅርፊቱ አልፎ ሲጠብቅ ከኋላ የሚቋጠረውን ወይም እንደ ጃንጥላ የሚከፈተውን ዐይነት መጠቀም ያስፈልጋል።

ግድግዳውን የምንጠይቀው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያ በጣት አንጓ ማንኳኳት፤ ዓምዱ ድፍን ድምፅ፥ ብሎኬቱ የከበሮ ድምፅ ይሰጣል። ቀጥሎ በቀጭን ፑንታ መሰርሰር፤ ፑንታው ልስኑንና ቅርፊቱን ካለፈ በኋላ ድንገት ዘው ካለ ከኋላው ባዶ ነው። ብሎኬት ሲሰረሰር መሰርሰሪያው እንዳይመታ፥ እንዲሽከረከር ብቻ ማድረግ ይገባል፤ ምቱ ቅርፊቱን ከኋላ ይሰብረዋልና። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ትይዩ፥ ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ ጎንም፥ እንዲሁም ከቧንቧ በላይ ቀጥታ መሰርሰር አይገባም፤ ሽቦውና የውሃው መስመር አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ያልፋል። ቤት ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለ ሆነ መብራቱን ከቆጣሪው ማጥፋት፥ ለዐይንም መነጽር ማድረግ ግዴታ ነው።

በመጨረሻ አክስቴ የተስማሙት በ120 ሳንቲ ሜትር ጣውላና በሦስት ድጋፍ ነው። የቀረው 60 ሳንቲ ሜትር ከምድጃው በላይ ስለ ሆነ ባዶውን ቀረ፤ እሳትና የምጣድ እንፋሎት ባለበት ጣውላ ማንጠልጠል መልካም አይደለም። ጠርዙ ያልተሸፈነ ቺፕውድማ እንፋሎት ሲጠጣ እንደ ዳቦ ያብጣል። አንድ ልጨምር፦ በሦስት ድጋፍ ላይ ያረፈ አንድ ወጥ ጣውላ እኩል ቢጫን፥ የመካከለኛው ድጋፍ ከእያንዳንዱ የጫፍ ድጋፍ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ይሸከማል። ስለዚህ በጣም የታመነውን ቦታ የምንሰጠው ለመካከለኛው ነው።

ከፍታውን በተመለከተ፥ የሥራ ጠረጴዛው ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ነበር፥ መደርደሪያውን ከእርሱ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግነው። መስመሩን ያሰመርነው ከጣሪያው ለክተን ሳይሆን፥ ግንበኞች እንደሚያደርጉት ውሃ በተሞላ ግልጽ ጎማ ነው፤ የጎማው ሁለት አፍ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ ውሃው በሁለቱም ወገን እኩል ከፍታ ይይዛልና። አጠገቡ በር ያለው ቁም ሣጥን ካለ፥ በሩ ሲከፈት እጀታው ከሳሕኖቹ እንዳይጋጭ ጥቂት ሳንቲ ሜትር መተው ያስፈልጋል።

ሥራው ሲያልቅ አጎቴ ሳሕን እንዲቀመጥ አልፈቀዱም። ከጣውላው ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥረን፥ 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን፥ ይኸውም 20 ኪሎ፥ በሁለት ድጋፎች መካከል አስቀመጥንበትና ሌሊቱን አሳደርነው። በማግሥቱ ጣውላው በዚያ ቦታ ከክሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወርዶ አገኘነው፤ ጀሪካኑ ሲነሣ ወደ ክሩ ተመለሰ። የብሎኖቹን ዙሪያ አንድ በአንድ በባትሪ መብራት ብናይ፥ ልስኑ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። አክስቴም ሳሕኖቹን መደርደር ጀመሩ፤ ከባዱን ድስት ግን አጎቴ ወደ ታችኛው ቁም ሣጥን መለሱት።