ወረቀቱን ተበዳሪው ይዞ ይምጣ

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ብር ነው። ከጓደኛ ስለተበደርነው፣ ለዘመድ ስላበደርነው፣ «በመካከላችን ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ብለን ስለተውነው ብር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎቴ በድንገት ወደ አኺራ ሄደ፤ አላህ ይዘንለት። ነጋዴ ነበር። ሱቁ ትንሽ፣ እጁ ግን ለሰው የተፈታ ነበር። ጀናዛው ላይ ከመሰገዱ በፊት እንደተለመደው «ሟቹ የሰው ገንዘብ ካለበት ባለ ገንዘቡ ቤተሰቡን ያነጋግር» ተባለ። በሦስተኛው ቀን የሃያ ዓመት ጓደኛው ቤት መጣ። አለቀሰ፣ ዱዓ አደረገ፣ ከዚያም አንገቱን ደፍቶ «60,000 ብር ነበረኝ» አለ። የአጎቴ ባለቤት ደግሞ «ግማሹን መልሼለታለሁ ብሎ ነግሮኛል» አለች።

ሰውየው ውሸታም አይደለም። እሷም ውሸታም አይደለችም። አንዱ ረስቶ ይሆናል፤ ወይም ሌላ ሒሳብ ከዚህኛው ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል። ወረቀት ግን የለም። የሟቹ ነፍስ እንዳትያዝ ብለን ሙሉውን ከፈልን። ትልቁ ልጁ ግን «ሁለቴ ነው የከፈልነው» ብሎ እስከ ዛሬ ቂም ይዟል። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ቤታችን አልመጣም። ዒድን አብረው ያሳልፉ የነበሩ ልጆች ዛሬ ሲገናኙ ከሰላምታ አያልፉም።

ሌላም አለ። አጎቴ ለስንት ሰው አበድሮ እንደነበር አናውቅም። ሲያበድር ያየነው ሰው ነበር፤ መጥቶ «የእሱ ገንዘብ እኔ ጋ አለ» ያለን ግን አንድም ሰው የለም። ያ ገንዘብ የየቲሞቹ ሐቅ ነበር።

ያኔ ነው ቁርኣንን ከፍቼ፣ በመድረሳ ልጅ ሆኜ በቃሌ የያዝኩትን አንቀጽ እንደ አዲስ ያነበብኩት።

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የቱ ነው? ስለ ሶላት ነው? ስለ ጀነት ነው? አይደለም። የሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕዳ አጻጻፍ ነው። አላህ እስከ ተወሰነ ጊዜ ስትበዳደሩ ጻፉት ብሎ ያዘናል። ጸሐፊው በፍትሕ ይጻፍ ይላል። ምስክር አቁሙ ይላል። ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከነጊዜው ለመጻፍ አትሰልቹ ይላል። እጅ በእጅ የሚያልቀውን ንግድ ብቻ ካልጻፋችሁት ችግር የለውም ብሎ ያስቀረዋል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ይህን ትእዛዝ በጣም የተወደደ ተግባር (ሙስተሐብ) አድርገው ሲይዙት፣ ግዴታ ነው ያሉም አሉ። የሚቀጥለው አንቀጽ እርስ በርስ ከተማመናችሁ የታመነው ሰው አማናውን ያድርስ ስለሚል፣ ሳይጻፍ የተሰጠ ብድርም ብድር ነው። ግን ጌታችን ይህን ያህል ቃል የሰጠውን ነገር እኛ በአንድ «ኧረ ተወው» ማለፋችን ልክ ነው?

አሁን ብዙዎቻችን የምናልፈውን ነጥብ ላሳያችሁ። በዚህ አንቀጽ መሠረት ለጸሐፊው የሚያጽፈው ማነው? አበዳሪው አይደለም። ዕዳው ያለበት ሰው ነው። ያለበትን እሱ ራሱ በአንደበቱ እየተናገረ ያስጽፋል፤ አላህን ይፍራ፣ ምንም አያጉድል ተብሏል።

ይህ የእኛን ትልቁን ችግር፣ ይሉኝታን፣ ከሥሩ ይፈታዋል። አበዳሪው «እስቲ እንፈራረም» ለማለት ያፍራል፤ «አላመነኝም» እንዳይባል ይፈራል። ተበዳሪው ደግሞ ካልተጠየቀ ዝም ይላል። ሁለቱም ዝም ሲሉ ሸይጧን መሃል ይገባል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ብድር ስትጠይቅ ወረቀቱን አንተ ይዘህ ሂድ። እህቴ፣ ጓደኛሽ ሳትጠይቅሽ አንቺ ጽፈሽ፣ ፈርመሽ ስጫት። ተበዳሪ ወረቀት ይዞ ሲመጣ «አልካድህም፤ ብሞትም ልጆችህ ሐቃቸውን አያጡም» ማለቱ ነው። ከዚህ የበለጠ ወንድማማችነት የት አለ?

«ሞት» ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ጀናዛ ሲመጣ ሟቹ ዕዳ እንዳለበት ይጠይቁ ነበር። አንድ ቀን የመጣው ሰው ዕዳ እንዳለበትና መክፈያ እንዳልተወ ተነገራቸው። በአንድ ዘገባ ሁለት፣ በሌላ ሦስት ዲናር ነው። ባልደረባችሁ ላይ እናንተ ስገዱበት ብለው ተዉት። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳው በእኔ ላይ ይሁን ሲል ነው የሰገዱበት። በኋላ አላህ ሲያሰፋላቸው መክፈያ ሳይተዉ የሚሞቱ ሰዎችን ዕዳ ራሳቸው ይከፍሉ ነበር። ሸሂድ እንኳ ወንጀሉ ሁሉ ሲማርለት ዕዳ እንደሚቀርበት በሶሒሕ ሐዲስ ተነግሮናል። እንግዲህ የእኔና የእናንተ ጉዳይ እንዴት ሊሆን ነው?

ሕጉስ ምን ይላል? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የሕግ ተማሪ የነበረ ጓደኛዬ ያሳየኝን ላካፍላችሁ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ አንቀጽ 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ የብድር ውል በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም ይላል። አምስት መቶ ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ማለትም ዛሬ የምንበዳደረው ሁሉ ከሞላ ጎደል በዚህ ሥር ይወድቃል። ያለ ወረቀት «እከሌ ሲሰጠው አይቷል» ብላችሁ ሰው ብታመጡ ላይጠቅማችሁ ይችላል። አንቀጽ 1727 ደግሞ በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹ መፈረም እንዳለበት፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ካልሆነም እንደማይጸና ይደነግጋል። ሁለት ምስክር! ይህን ሳነብ አንቀጽ 282 ትዝ አለኝ።

እሺ፣ ምን ብለን እንጻፍ? ረጅም መሆን የለበትም። ይህን የመሰለ ይበቃል፦

«ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም። እኔ (ሙሉ ስም እስከ አያት) ከ(ሙሉ ስም እስከ አያት) ብር 30,000 (ሠላሳ ሺህ ብር) ያለ ወለድ ተበድሬ በዛሬው ቀን ተቀብያለሁ። ገንዘቡን ከጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ በየወሩ መጨረሻ ብር 5,000 (አምስት ሺህ ብር) እየከፈልኩ መጋቢት 30 ቀን 2018 ዓ.ም አጠናቅቃለሁ። የተበዳሪ ፊርማ። የአበዳሪ ፊርማ። የምስክሮች ስምና ፊርማ፦ 1ኛ፣ 2ኛ።»

በሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱ አበዳሪው ጋ፣ ሌላው ተበዳሪው ጋ ይቀመጥ። ከዚህ ጋር ልብ የምትሏቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ መጠኑን በአኀዝም በፊደልም ጻፉ። አንድ ዜሮ መጨመር ቀላል ነው፤ በፊደል የተጻፈውን መለወጥ ግን ከባድ ነው። የመክፈያውን ቀን ደግሞ «ሲመቸኝ» አትበሉ፤ አንቀጹም ያለው እስከ ተወሰነ ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ «ከዘገየሁ ይህን ያህል እጨምራለሁ» የሚል መስመር እንዳይገባ። ያ ሪባ ነው፤ በፈቃደኝነት ቢጻፍም ሪባ ነው። ተበዳሪው ሲመልስ ሳይጠየቅና ቀድሞ ቃል ሳይገባ ከራሱ ቢጨምር ግን ያምርበታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተበደሩትን ግመል ከእሱ በተሻለ ግመል መልሰዋል።

ሦስተኛ፣ በባንክ ወይም በስልክ የላካችሁት ገንዘብ ማስረጃው ገንዘቡ መተላለፉን እንጂ ለምን እንደተላለፈ አይናገርም። ስጦታ ነው? ብድር ነው? የዕቃ ዋጋ ነው? ስለዚህ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ካለ «ብድር» ወይም «የብድር ክፍያ» ብላችሁ ጻፉበት። ወረቀቱ ግን አይቅር።

አራተኛ፣ ከፍላችሁ ስትጨርሱ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል» ተብሎ በቀን ይፈረምበት። የአጎቴ ቤት ጠብ የመጣው ብድሩ ስላልተጻፈ ብቻ ሳይሆን ተከፈለ የተባለውም ስላልተጻፈ ነው።

አምስተኛ፣ ዋስ ሆናችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አስቡበት። ዋስትና «ጥሩ ሰው ነው» ብሎ መመስከር አይደለም፤ እሱ ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ ማለት ነው። በሕጋችንም የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ መጠን ካልገለጸ አይጸናም። መክፈል የማትችሉትን አትፈርሙ።

አሁን ደግሞ ዓረብ ሀገር ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ እህቶቼ። በሪያድ፣ በዱባይ፣ በቤይሩት ሰው ቤት ደክማችሁ ገንዘብ የምትልኩ እናንተ ናችሁ። «ቤት ሥሩልኝ፣ መሬት ግዙልኝ» ብላችሁ ላካችሁ። ከዓመታት በኋላ ስትመለሱ ቤቱ በወንድም ስም ነው፤ «ለቤተሰብ የላክሽው እኮ ነው» ትባላላችሁ። ይህን ታሪክ ይዘው እኔ ጋ የመጡ እህቶች ጥቂት አይደሉም። ሁሉም ወንድም ከሃዲ አይደለም፤ አንዳንዱ እውነትም ስጦታ መስሎት ነው የበላው። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ለዩት፤ ይህ ለእናቴ ወጪ ስጦታ ነው፣ ይህ ለወንድሜ ብድር ነው፣ ይህ ደግሞ በስሜ ቤት የሚሠራበት አማና ነው። በመልእክት ጻፉት፣ «እሺ፣ ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ ተቀበሉ፣ አስቀምጡት። ቤትና መሬት ከሆነ ግን መልእክት አይበቃም፤ በስማችሁ መሆኑን በሕጋዊ ሰነድ አረጋግጡ።

በምን ገንዘብ እንዳበደራችሁም ጻፉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በዚህ ስንት ወንድማማች ተጣላ! በብዙኃኑ የዘመናችን ፊቅህ ዑለማዎች ውሳኔ ዕዳ የሚመለሰው በተወሰደበት ገንዘብ፣ በቁጥሩ ልክ ነው። ሪያል ያበደረ ሪያል ይጠይቃል፤ ብር ያበደረ ብር ይጠይቃል። ብር አበድሮ «በዶላሩ ዋጋ አስልተህ መልስልኝ» ብሎ ውል መግባት አይፈቀድም። ስለዚህ ነገሩን ሳትለያዩ በፊት ወስኑት።

እቁብንም አንርሳ። እጣ ቀድሞ የደረሰህ ወንድሜ፣ የቀረው ዙር ዕዳህ ነው። ሚስትህ ወይም እናትህ ስንት ዙር እንደቀረህና ለማን እንደሚከፈል ያውቃሉ?

«ጻፍነው፤ ግን ሰውየው ማግኘት ካልቻለስ?» ትሉኝ ይሆናል። ወረቀት የምንይዘው ወንድማችንን አንገቱን ለማነቅ አይደለም። ከዚሁ አንቀጽ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በአንቀጽ 280፣ አላህ ተበዳሪው ከቸገረው እስኪያገኝ ጊዜ ስጡት፣ ብትተዉለት ደግሞ ለእናንተ የተሻለ ነው ይለናል። ቀኑን አራዝሙና አዲሱን ቀን ጻፉ። ልትተዉለት ከወሰናችሁም ያንኑ ጻፉና ፈርሙ፤ ወራሾቻችሁ ነገ ሄደው እንዳይጠይቁት። ተበዳሪም ብትሆኑ ቀኑ ደርሶ ካልሞላላችሁ ስልክ አትዝጉ። ደውሉና እውነቱን ተናገሩ። አበዳሪን ከገንዘቡ መዘግየት በላይ የሚያቆስለው መደበቃችሁ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ነግረውናል። ይህን ሐዲስ ያስተላለፈው ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ከሰማው በኋላ አንድም ሌሊት ወሲያው ከእሱ ጋር ሳይሆን አላደረም። እኛ ግን ስልካችንን ቻርጅ ሳናደርግ አናድርም፤ ዕዳችን ሳይጻፍ ዓመት ያልፋል።

ስለዚህ የዛሬው የቤት ሥራችን ይህ ነው። ሱረቱል ከህፍን ቀርታችሁ ስትጨርሱ፣ መግሪብ ሳይደርስ አንድ ወረቀት አውጡ። መሃሉን አስምሩና በአንድ በኩል «ያለብኝ»፣ በሌላ በኩል «ያለኝ» በሉ። ስም፣ መጠን፣ ቀን። የሱቅ ዱቤውን፣ የእቁቡን ቀሪ ዙር፣ ከጓደኛ የወሰዳችሁትን 2,000 ብር ሳይቀር። ቀን ጻፉበት፣ ፈርሙበት፣ የት እንዳለ ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩ። ከዚያ «ያለብኝ» ከሚለው ውስጥ አንዱን ስም ምረጡና ዛሬውኑ ደውሉ፦ «ወንድሜ፣ ያ ገንዘብህ አልተረሳም፤ ወረቀት ጽፌ ይዤልህ ልመጣ ነው» በሉት። በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው ታያላችሁ።

አላህ ሆይ፣ ዕዳችንን ክፈልልን፤ በሐላልህ ከሐራም አብቃቃን፤ የሰው ሐቅ ተሸክመን ፊትህ ከመቆም ጠብቀን። አሚን።

በነቢያችን ላይ ሰለዋት አብዙ።