ሳይበጠስ ቀይሩት

ከባሕር ዳር እስከ መርዓዊ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሚኒባስ በቀን ሦስት ጊዜ ደርሶ ቢመለስ 210 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በወር 26 ቀን ቢሠራ 5,460 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ ሒሳብ 100,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ዓመት ከመንፈቅ ይበቃዋል። በዚህ መስመር እንጀራ የምትበሉ ሾፌሮች፣ ረዳቶችና ባለንብረቶች ሁሉ ይህን ቁጥር እንድትወዱት እፈልጋለሁ። ሲደርስ የምትደነግጡበት ሳይሆን ቀድማችሁ የምትጠብቁት ቀጠሮ ይሁንላችሁ። የሞተራችሁ ታይሚንግ ቺንጋ የሚቀየርበት ቀጠሮ ነውና።

ቺንጋው ከሞተሩ ፊት ለፊት በክዳን ተሸፍኖ ስለሚኖር ብዙ ባለንብረት አንድም ቀን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን የታችኛውን ክራንክሻፍት ቫልቮላዎቹን ከሚከፍተው ከላይኛው ካምሻፍት ጋር ያገናኛል። ዶልፊን በምንላቸው የቶዮታ ሃይስ ሚኒባሶች የናፍታ ሞተር ላይ ደግሞ የናፍታውን ፖምፓ የሚያዞረውም እሱው ነው። የታችኛው ሁለት ዙር ሲዞር የላይኛው አንድ ዙር መዞር አለበት፤ አንዲት ጥርስ እንኳ ብትዘል ሞተሩን ታውካለች። የመርዓዊ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ ማሳ የሚያጠጣው ውኃው በተራ ስለሚለቀቅ ነው። የአንዱ በር ሲከፈት የሌላው ይዘጋል። ሁሉም ባሻው ሰዓት በሩን ቢከፍት ከቦዩ ጫፍ ያለው ስንዴ ይደርቃል። ሞተር ውስጥም አየር የሚገባበት፣ ናፍታ የሚረጭበት፣ ጭስ የሚወጣበት ተራ አለ። ያንን ተራ የሚያስከብረው ይህ ቺንጋ ነው።

እንግዲህ ይህ ቺንጋ መንገድ ላይ ተበጠሰ እንበል። ካምሻፍቱ ባለበት ቀጥ ይላል፤ ከቫልቮላዎቹ አንዳንዶቹ እንደተከፈቱ ይቀራሉ። ክራንክሻፍቱ ግን መኪናው በያዘው ፍጥነት እየተገፋ መዞሩን አይተውም። በናፍታ ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ አየሩን ሃያ እጥፍ ያህል ስለሚጨምቀው በፒስተኑና በቴስታው መካከል የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። የተከፈተ ቫልቮላ እዚያ ውስጥ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ፒስተኑ ይመታዋል፤ ቫልቮላው ይጣመማል፤ አንዳንዴ ፒስተኑም ይበሳል። ቴስታ ይወርዳል፣ ሲብስም ሞተሩ በሙሉ ይወርዳል። ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ የሳምንታት ሥራ ይሆናል። ሾፌሩ ያለ ገቢ፣ ባለንብረቱ ከነብድሩ፣ ረዳቱ ከነቤተሰቡ መኪናው እስኪነሣ ይጠብቃሉ።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የሰው ጉዳይ ነው። ሞተር ድንገት ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል፤ እግርን የሚያግዘው ኃይል የሚመጣው ከሚሠራ ሞተር ነውና። በመርዓዊ ሜዳ ላይ ይህ ቢሆን ዳር ይዞ ማቆም ይቻል ይሆናል። ወደ አዲስ አበባ እየሄዳችሁ የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ስትወርዱ ቢሆንስ? ከኋላ የተቀመጠችው እናት ልጇን ታቅፋ የተሳፈረችው እናንተን አምና ነው። ቺንጋ በጊዜው የሚቀይር ሾፌር ይህን እምነት የሚያከብር ሾፌር ነው፤ ማንም ባያየውም።

አንዳንዱ ሰው «ሲያልቅ ድምፅ ያሰማኛል» ብሎ ይጠብቃል። ይህን የለመደው ከፋን ቺንጋ ነው። የፋን ቺንጋ ሲላላ ይጮኻል፣ ሲበጠስ የባትሪ መብራት ይበራል፣ የሙቀቱም ጌጅ ይወጣል፤ ትርፍ ካላችሁ መንገድ ዳር ቀይራችሁ ትሄዳላችሁ። ታይሚንግ ቺንጋ እንዲህ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ዝም ብሎ ይሠራል። ጠዋት በአንድ ቁልፍ የተነሣ መኪና፣ ጉልበቱ ሙሉ የሆነ መኪና፣ ከሰዓት በኋላ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ይህን ዕቃ በጆሮ ሳይሆን በቁጥር ነው የምንጠብቀው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ቁጥሩ ስንት ነው? በአገራችን መንገድ ላይ ለሚበዙት የቶዮታ ሃይስ የናፍታ ሞተሮች፣ ለቱ ኤል፣ ለስሪ ኤልና ለፋይቭ ኤል፣ የቆየው የፋብሪካው መመሪያ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ኋላ ለመጡት ለቱ ኬዲና ለዋን ኬዲ በአንዳንድ አገር እስከ 150,000 ይፈቀዳል። እኔ ግን ለእኛ አቧራ፣ ለእኛ ጭነትና ለእኛ ዳገት 100,000ን አጥብቃችሁ ያዙ እላለሁ። ፖርቶመጋላው ላይ ሽንኩርትና ድንች በማዳበሪያ ከምሮ፣ ውስጡን በሰው ሞልቶ የሚሄድ መኪና፣ ለስላሳ አስፋልት ላይ አንድ ሰው ይዞ ከሚሄድ መኪና ጋር አንድ ዓይነት ዕድሜ ሊጠበቅለት አይገባም። ጎማ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዓመትም ያረጃል። ብዙ ሳይነዳ ዓመታት የቆመ መኪናም ቺንጋው እንደ አዲስ ሊታመን አይገባም።

አሁን ብዙዎች የማይቆጥሩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መናኸሪያ ተራ ይዛችሁ ሞተሩን ሳታጠፉ ስትጠብቁ ኪሎ ሜትሩ አይቆጥርም፤ ቺንጋው ግን ይሠራል። ቆሞ የሚሠራ ሞተር በደቂቃ 750 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በሰዓት 45,000 ዙር ማለት ነው። በመንገድ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞር በሰዓት 120,000 ዙር ይሆናል። እንግዲህ አንድ ሰዓት ቆሞ መሥራት ለቺንጋው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ጉዞ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት እንዲህ ካለፈ 45 ኪሎ ሜትር የማይታይ ጉዞ ይጨመራል፤ ቀጠሮውም ከ18 ወር ወደ 15 ወር ይቀርባል። ተራ ስትጠብቁ ሞተሩን ብታጠፉ ናፍታም ቺንጋም አተረፋችሁ። ይህ ከነገ ጀምሮ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ የሚጀመር ለውጥ ነው!

ቶዮታ በብዙዎቹ የናፍታ መኪኖቹ ዳሽቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት አስቀምጧል፤ 100,000 ሲሞላ ይበራል። መልካም ረዳት ነው፤ ነገር ግን መብራቱ የሚያውቀው የኪሎ ሜትሩን ቁጥር እንጂ የቺንጋውን ጤንነት አይደለም። የጌጁ ገመድ ተበጥሶ ለወራት የተነዳ መኪና ላይ አይበራም። ቺንጋው ሳይቀየር መብራቱ ብቻ ከጠፋም ባለቤቱ በሐሰት ይረጋጋል። ያገለገለ መኪና ስትገዙማ የመብራቱንም የሻጩንም ቃል ወደ ጎን ተዉት። በገዛችሁበት ሳምንት ቺንጋውን ቀይሩና የራሳችሁን ቆጠራ ከዜሮ ጀምሩ። ያኔ የምታምኑት የራሳችሁን መዝገብ ነው። ሰው በራሱ መዝገብ መመራት ሲጀምር እንዴት እንደሚረጋጋ ያየ ያውቀዋል።

ቺንጋው ሲወጣ እባካችሁ ራሳችሁ ቆማችሁ እዩ። መካኒኩ ክዳኑን ፈትቶ አሮጌውን ሲያወጣው ተቀብላችሁ በእጃችሁ ያዙት። ጀርባው ተወልውሎ ያብለጨልጭ ይሆናል። በቀስታ ወደ ውጭ ጎንበስ ስታደርጉት ከጥርሶቹ ሥር ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ብቅ ይላሉ። ጠርዙ ተበልቶ ክሩ ወጥቶ ይሆናል። እርጥብ ከሆነና ዘይት ከሸተተ ደግሞ የካምሻፍቱ ወይም የክራንክሻፍቱ ፓራዮሊ ያንጠባጥባል ማለት ነው፤ ዘይት የጎማ ጠላት ነው፣ አዲሱንም ቺንጋ ያበላሸዋል። ምንም ምልክት የሌለው፣ ጥቁርና ጤነኛ የሚመስል ቺንጋ ሊወጣም ይችላል። «ምነው ገና ነበር» ብላችሁ አትቆጩ። የቺንጋው ጉልበት ያለው በጎማው ውስጥ በተቀበረው የመስታወት ቃጫ ላይ ነው፤ እሱ ሲደክም ዓይን አያየውም። የወጣ ቺንጋ ተመልሶ አይገባም።

ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘውን ቴንሽነርና የኩሽኔታውን ድምፅ አስፈትሹ፤ ሲዞር የሚያንኮሻኩሽ ኩሽኔታ አዲስ ቺንጋ ይዞ ይሞታል። ፓራዮሊዎቹ አብረው ይቀየሩ፤ የእጅ ዋጋው አንድ ነው። መካኒኩ አዲሱን ሲያስገባ በፑሊዎቹ ላይ ያሉትን ምልክቶች ያገጣጥማል። ከዚያ ወዲያው ቁልፍ ሳያዞር ክራንክሻፍቱን በመፍቻ፣ በእጁ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹ ተመልሰው መገጣጠማቸውን ያያል። ይህችን ሁለት ዙር የማይዘል መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት። እጁ የሚታመን ባለሙያ ነው፤ ሒሳቡንም ሳታጉረመርሙ ክፈሉት። ቺንጋውን ስትገዙም ርካሹን አታሳዱ፤ የሞተራችሁ ዕድሜ የተንጠለጠለበት ዕቃ ነውና ከምታምኑት መደብር ትክክለኛውን ግዙ።

የገንዘቡ ነገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ወደ ላይ ነው። ቢሆንም ይህ ወጪ ከብዙ ወጪዎች የሚለየው ቀኑ አስቀድሞ መታወቁ ነው። የቺንጋውን፣ የኩሽኔታውን፣ የፓራዮሊውንና የእጅ ዋጋውን ዛሬ ጠይቃችሁ ደምሩና ለ18 ወር አካፍሉት። የሚደርሳችሁን ከቀን ገቢው ላይ በየወሩ ለብቻው አስቀምጡ። ባለንብረትና ሾፌር በዚህ ላይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ መኪናውን የሚያውቀው ሾፌሩ ነው፣ የሚከፍለው ባለንብረቱ፣ ሁለቱ ካልተማከሩ ቺንጋው መሐል ላይ ይረሳል። እቁብ የሚጠጡ ባለሚኒባሶች አንዱን ዕጣ ለዚህ ቢያውሉት እንዴት ያለ ብልህነት ነው!

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ጎማ ቀበቶ ብቻ አይደለም። የሚሠራ ነገር እየሠራ ሳለ መቀየር ድፍረት ይጠይቃል። የተሰበረን ሁሉም ሰው ይጠግናል፤ ግዴታው ነው። ሳይሰበር የሚቀድም ግን ሕይወቱን በራሱ እጅ የያዘ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሾፌር ደም ግፊቱን ጤነኛ ሳለ ይለካ። ዓይኑ በማታ መብራት ሲደበዝዝበት ሳይሆን ገና ሳይደበዝዝ ይመርመር። ረዳት የሆንህ ወንድሜ፣ ጉልበትህ ሙሉ ሳለ መንጃ ፈቃድህን አውጣ፤ መኪናው ጋራዥ ሲገባ ሻይ ቤት አትቀመጥ፣ ከመካኒኩ አጠገብ ቆመህ ተማር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ታይሚንግ ቺንጋ የሚባል ነገር የለውም። ዛሬ ስለ ባትሪና ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር መማር የሚጀምር ወጣት መካኒክ ነገ የሚፈለግ ሰው ነው። እስከዚያው ግን ያሉን የናፍታ ሞተሮች ወርቅ ናቸው፤ እንደ ወርቅ እንያዛቸው።

ዛሬ ማታ መኪናውን ስታቆሙ አንድ ነገር አድርጉ። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ ቺንጋው መጨረሻ የተቀየረበትን ቁጥር ከጎኑ አስቀምጡ። 100,000 ለመሙላት የቀረው ከ5,000 ካነሰ በዚህ ወር ውስጥ ጋራዥ ቀጠሮ ያዙ። መጨረሻ የተቀየረበትን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ወይም 100,000 ካለፈ ግን ነገ ጠዋት ተራ ከመያዛችሁ በፊት መካኒካችሁ ጋ ሂዱ።