የኪራይ ክፍል ምድጃ

ለመስክ ሥራ የሚወጣ ሰው ክፍል ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ቀጥሎ ውሃ ይመጣል ወይ፣ መጸዳጃው የጋራ ነው ወይ ይላል። «ምድጃ መጠቀም ይቻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቀብድ ከፍሎ፣ ሻንጣውን አስገብቶ፣ በሦስተኛው ቀን ስቶቭ ይዞ ሲገባ አከራዩ ያዩትና «መብራቱ ለአምፖልና ለስልክ ነው እንጂ ለምድጃ አልተነጋገርንም» ይሉታል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሁለት ወር የምግብ ቤት ሆነ ማለት ነው።

እኔም ድሬዳዋ ላይ ለኦዲት ሥራ ሄጄ 45 ቀን እንዲህ አሳልፌያለሁ። ጠዋት ፉል፣ ምሳ ጥብስ፣ ማታ ደግሞ የተገኘው። ስመለስ ከአበሌ የተረፈኝ አልነበረም፤ ጨጓራዬም ለወራት አላስተኛኝም። ከዚያ ወዲህ የትም ብመደብ ራሴ አብስዬ እበላለሁ። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጡ ወጣት ባልደረቦቼ ነው፤ ሥራውን እየተማራችሁ ጤናችሁን እንድታጡ አልፈልግም።

አከራዮች ምድጃ የሚከለክሉት ከክፋት አይደለም። በብዙ ግቢ ቆጣሪው አንድ ነው፤ የሁሉም ተከራይ ፍጆታ የሚመጣው በአከራዩ ስም ነው። ስለዚህ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ሒሳቡን ራሳችሁ አቅርቡላቸው። 1500 ዋት የሆነ ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢቆጥር ነው። «ለምድጃው ለብቻው ልክፈል» የሚል ተከራይ ሲመጣ ብዙዎቹ ይስማማሉ። መንደሩን አይታችሁ፣ ግድግዳውን ነካክታችሁ ስትጨርሱ ሶኬቱንም እዩት። ያው ምድጃ በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ይስባል። ቀጭን ማከፋፈያ ገመድ ይህን አይችልም፤ ከግድግዳው ሶኬት ላይ በቀጥታ ሰኩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ገመዱን በእጃችሁ ስትዳስሱት ከሞቀ አጥፉትና ሌላ ሶኬት ፈልጉ።

መብራት ጠፋ ብላችሁ ግን የከሰል ማንደጃ ወደ ክፍል እንዳታስገቡ። ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆን ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል፤ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ምታትና ድካም ይጀምርና ሰውየው እንቅልፍ የመጣበት መስሎት ይተኛል። ደጋ ከተማ ላይ በብርድ ሌሊት በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አቅፎ የተኛ ላይነቃ ይችላል። ከሰል በረንዳ ላይ ብቻ ነው፤ ለማሞቂያም ቢሆን።

ከቤት ይዛችሁት የምትወጡት ዕቃ ብዙ አይደለም። ክዳኑ የሚገጥም አንድ መካከለኛ ድስት፣ ትንሽ መጥበሻ፣ ስለት ያለው ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ ማማሰያና ፔርሙዝ ይበቃል። ከዕቃው ይልቅ ልብ የሚያስፈልገው ስንቁ ነው። በርበሬና ምጥን ሽሮ ከቤታችሁ ያዙ፤ በማታውቁት ከተማ የገበያ በርበሬ ምን እንደተቀላቀለበት አታውቁም። ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ጨምሩበት። ሌላው ሁሉ እዚያው ይገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ብዙ ሰው ስቶቭ ገዝቶ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አብስሎ፣ በሁለተኛው የሚተወው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ማታ 1 ሰዓት ላይ ከመስክ ደክሞ ሲገባ ሽንኩርት መላጥ ስለሚከብደው ነው። መፍትሔው ቁሌት ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ልጣችሁ ድቅቅ አድርጋችሁ ክተፉ። ድስቱ ላይ ያለ ዘይት ጣሉት። መጀመሪያ ውሃውን ይተፋል፣ ድስቱም ይንጫጫል። ቆይቶ ድምፁ ይቀንሳል፣ ሽንኩርቱ ይሟሽሻል። ጠርዙ መቅላት ሲጀምር ግማሽ ብርጭቆ ዘይት ጨምሩ፤ ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። በርበሬ ቶሎ ያርራል፤ እሳቱን ቀንሳችሁ፣ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ 20 ደቂቃ ያህል አማስሉት። የጥሬ በርበሬ ሽታው ጠፍቶ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ደርሷል። ቀዝቀዝ ሲል በአራት ትንንሽ ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ከፋፍሉት፤ ሁለቱን ፍሪጅ ውስጥ፣ ሁለቱን በረዶ ቤቱ ውስጥ አስቀምጡ።

ሰኞ ማታ ከአንዱ ላይ ወስዳችሁ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጨምራችሁ ስታፈሉት፣ ግማሽ ብርጭቆ ሽሮ በትናችሁ ስታማስሉት እራት ሆነ። ማክሰኞ ምስር ወጥ ነው፤ ረቡዕ በድርቆሽ ፍርፍር፤ ሐሙስ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ትጨምሩበታላችሁ። አንዱም ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ፍሪጅ ከሌላችሁ ግን ሩብ ኪሎ ሽንኩርት ብቻ ሥሩ፤ በማግስቱ በደንብ አንተክትካችሁ ጨርሱት። ቆላ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ በየዕለቱ ትኩስ ሥሩ፤ የአደረ ወጥ አትመኑ።

ደብረ ብርሃን ላይ ያከራዩኝ እናት ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። አንድ ማታ ምስሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጥዶ አሁንም ጥርስ ላይ ይንኳኳል።

«እማማ፣ ምስሩ አልበስል አለኝ፤ ያረጀ ሸጠውብኝ ይሆን?»

«ቲማቲሙን አብረህ ነው የጣድከው?»

«አዎ።»

«እሱ ነዋ ልጄ! መጀመሪያ ብቻውን ይፍረስ፣ ቲማቲም በኋላ ነው። ደግሞ ድስቱን ክደነው፤ እዚህ ደጋ ነው፣ አዲስ አበባ መሰለህ?»

ሁለቱም እውነት ነው። የቲማቲም ኮምጣጣነት ጥራጥሬ እንዳይላላ ያደርጋል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል ወደ 2800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ውሃ እዚያ በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ድሬዳዋ ግን 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 96 ይደርሳል። ስለዚህ ከተማ ስትቀይሩ ሰዓታችሁንም ቀይሩ፤ ደጋ ላይ ክክና ባቄላ ጠዋት ዘፍዝፋችሁ ውጡ። የሚጠጣ ውሃም ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

እንጀራ ራሳችሁ ልጋግር አትበሉ፤ ለሁለት ወር ምጣድና ቡሆ አያዋጣም። ከአከራያችሁ ወይም ከጎረቤት በሦስት ቀን አንዴ ግዙ። ትኩሱን በፌስታል አታፍኑት፤ ላቡ ያሻግተዋል። ተዘርግቶ ከበረደ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። በሁለተኛው ቀን ማታ እንደማይበላ ካወቃችሁት ቆራርጣችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ድርቆሽ ይሆናል። የሻገተውን ግን ጠርዙን ቆርጦ መብላት የለም፤ ሻጋታው ዓይን ከሚያየው በላይ ውስጥ ገብቷል።

ከተማውም የራሱ ስጦታ አለው። ባሕር ዳርና አርባ ምንጭ ላይ ዓሣ እያለ በየቀኑ ሽሮ መብላት ያሳዝነኛል። ቆሮሶ ጠዋት ገዝታችሁ ያንኑ ቀን በሎሚና በሚጥሚጣ ጥበሱት፤ አይደር። አርባ ምንጭ ላይ ሙዙና የሺፈራው ቅጠሉ፣ ጂማ ላይ አቮካዶው አለ። የገበያው ቀን መቼ እንደሆነ አከራያችሁን በመጀመሪያው ምሽት ጠይቁ፤ ጥያቄው ራሱ ያቀራርባል። ዓሣም ሆነ ቁሌት ከመጣዳችሁ በፊት ሽታው ይረብሽ እንደሆነ ጠይቁ፤ መስኮት ክፈቱ፤ ከሠራችሁት አንድ ሳህን ይዛችሁ በራቸውን አንኳኩ።

መብራት ጨርሶ በጠፋበት ማታ በሶ አለ። ዱቄቱን በውሃና በማር በጥብጦ መጠጣት፣ ወይም በዘይት፣ በጨውና በትንሽ በርበሬ ለውሶ መብላት ይቻላል። እሳት አይፈልግም፣ ሆድም ይይዛል። ፔርሙዙን ቀን ላይ በፈላ ውሃ ሞልታችሁት ከነበር ሻይም አላችሁ።

ሥራው ሲያልቅ የተረፈውን ዘይትና ሽንኩርት ለአከራዩ ተዉላቸው፣ የምድጃውንም ሒሳብ ያኔውኑ ዝጉ። ድስቱን አጥባችሁ አድርቁትና ከማሸጋችሁ በፊት በዚህ ጉዞ የጎደላችሁን፣ ያልተነካውንም በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ድስቱ ውስጥ አስቀምጡት። የሚቀጥለው ምደባ ሲመጣ መጀመሪያ የምትከፍቱት እሱን ነው።